ጥቅሱ ይቆየን፣ መጀመሪያ እንስማ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ሰሞኑን በደብዳቤዎች ገጻችሁ ላይ የሚካሄደውን ክርክር እየተከታተልኩ ነው። አንዱ ወገን “ለመንፈሳዊ ምክር ከመጽሐፍ ቅዱስ ሌላ ምንም አያስፈልግም” ይላል። ሌላው ደግሞ “የተጨነቀ ሰው የሚያስፈልገው ባለሙያ እንጂ ጥቅስ አይደለም” ባይ ነው። እኔ ሙያዬ የአእምሮ ሕክምና ነርስነት ነው። በቤተ ክርስቲያን ደግሞ በምክር አገልግሎት አለሁበት። ሁለቱንም ቦታ ስለማውቀው ዝም ማለት አልሆነልኝም።

መጀመሪያ ጥቅሱ ይቅር ለሚሉት ልናገር። አንድ ወንድም እናስታምም ነበር። “ይቅር የማይባል ኃጢአት ሠርቻለሁ” እያለ እንቅልፍ አጥቶ ሰንብቷል። መድኃኒቱ እንቅልፉን መለሰለት፤ እህልም መቅመስ ጀመረ። ጥያቄው ግን ንቅንቅ አላለም። እኔ “አይዞህ፣ እንደዚያ አታስብ” ብለው ምን ይፈይድለታል? የፈራው እግዚአብሔርን ነው እንጂ እኔን አይደለም። አንድ መጋቢ መጥተው ስለዚሁ ኃጢአት የሚናገረውን ማርቆስ ምዕራፍ 3ን አብረውት አነበቡ። ቃሉ ለማን እንደተነገረ ቁጥር በቁጥር አሳዩት። ኢየሱስ ያንን የተናገረው “ብዔል ዜቡል (የአጋንንት አለቃ) አለበት” እያሉ ለሚከሱት ጻፎች ነው። ይህ ወንድም ግን የሚያለቅሰው ከክርስቶስ እንዳይለይ ሰግቶ ነው። ያን ቀን ቀና ብሎ አየን። እንዲህ ያለውን መልስ ከፋርማሲ አናገኘውም።

በማግስቱ ግን ያንኑ ጥያቄ ይዞ መጣ። ከዚያም ወዲያ እንዲሁ። መጋቢውና ሐኪሙ መመካከራቸው የጠቀመው እዚህ ላይ ነው። በእንዲህ ዓይነቱ ጭንቀት የተያዘን ሰው በየቀኑ “አልሠራህም፣ አልሠራህም” እያሉ ማረጋጋት ጭንቀቱን ያባብሰዋል። ስለዚህ መጋቢው መልሱን መደጋገም አቆሙ። “ይህን ጨርሰነዋል፣ ልጄ፤ ዛሬ ስለ ሌላ ነገር እናውራ” ይሉት ነበር፣ በለሰለሰ ድምፅ።

አሁን ደግሞ ወደ ሌላው ወገን። መጽሐፍ ቅዱስ በቂ ነው የምትሉ ወገኖቼ፣ እስቲ መጽሐፉ ራሱ እንዴት እንደሚያጽናና እንየው። ኤልያስ ከክትክታው ዛፍ ሥር ሞቱን ሲለምን (1ኛ ነገሥት 19) መልአኩ ስብከት ይዞለት አልመጣም። የመጣው እንጎቻና ውኃ ነው። በላ፣ ጠጣ፣ ተመልሶ ተኛ። ደግሞ ቀሰቀሰው፤ ደግሞ አበላው። ኮሬብ ተራራ ሲደርስ እግዚአብሔር “በዚህ ምን ታደርጋለህ?” ብሎ ጠየቀው። ኤልያስ ብሶቱን አወጣ። እግዚአብሔር ያንኑ ጥያቄ ደገመለት፤ ኤልያስም ያንኑ ብሶት እንዳለ ደገመው። “አሁን ነግረኸኝ የለም እንዴ?” አልተባለም። “ብቻዬን ቀረሁ” ላለው ሰው ለጣዖት ያልሰገዱ ሌሎች 7,000 ሰዎች እንዳሉ የተነገረው መጨረሻ ላይ ነው፤ ያውም የሚሠራው ሥራ ከተሰጠው በኋላ። እኛ ግን ሰውየው ገና ተቀምጦ ሳይጨርስ በ7,000ዎቹ እንጀምርበታለን።

የኢዮብ ወዳጆችም እንዲሁ ናቸው። ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አብረውት መሬት ላይ ተቀምጠው ዝም ሲሉ ደግ ሠርተው ነበር። የተበላሸው አፋቸውን ሲከፍቱ ነው። ደግሞ የተናገሩት ሁሉ ሐሰት አይደለም። ከኤልፋዝ ንግግር አንዱን ጳውሎስ ራሱ ለቆሮንቶስ ሰዎች ጠቅሶታል። እውነት የሆነ ቃል ያለ ቦታው ሲነገር ያቆስላል። እግዚአብሔርም በመጨረሻ “ስለ እኔ ቅን ነገር አልተናገራችሁም” ብሎ ተቆጣቸው።

ልጇን የቀበረች አንዲት እናት ያለችኝን አልረሳውም። አፈሩ ሳይደርቅ አንድ አገልጋይ መጥተው “ነገር ሁሉ ለበጎ ነው” ብለዋት ሄዱ። “ከዚያ ወዲህ መጽሐፍ ቅዱሱን ስከፍት የሚሰማኝ የእሳቸው ድምፅ ነው” አለችኝ። ሮሜ 8:28ን አምንበታለሁ፤ በሕይወቴም አይቼዋለሁ። ለእሷ ግን የዚያን ቀን ጥቅስ አልነበረም። ሰንበት ብሎ አንዲት እህት መዝሙር 88ን (በግዕዙ አቆጣጠር 87) አነበበችላት። ጸሎቱ በጩኸት ይጀምራል፣ በጨለማ ያልቃል። መጽናኛ አልተቀጠለበትም። እናትየው “ይሄ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ አለ?” ብላ ጠየቀች። ከዚያ መጽሐፉን ተቀብላ ራሷ አነበበችው። እባካችሁ፣ የልቅሶ መዝሙራትን ከአገልግሎታችን አናስወጣ።

ይህ ክርክር አዲስ አይደለም። አንቶን ቦይሰን የሚባሉ አሜሪካዊ አገልጋይ ራሳቸው በአእምሮ ሕመም ሆስፒታል ተኝተው ያውቃሉ። እ.ኤ.አ. በ1925 የነገረ መለኮት ተማሪዎችን ወደ አእምሮ ሆስፒታል አስገብተው ከሕሙማን ጋር እየዋሉ እንዲማሩ አደረጉ። እ.ኤ.አ. በ1970 ደግሞ ጄይ አዳምስ የሚባሉ ሌላ አሜሪካዊ አገልጋይ “መጋቢዎች ሥራቸውን ለሥነ ልቦና ባለሙያዎች አስረከቡ” ብለው ተነሡ። አዳምስ ስለ ቃሉ መቆርቆራቸው ደስ ይለኛል። ሰው ላሠልጥን ብባል ግን ጀማሪዎቹን ወደ ቦይሰን እልካለሁ።

ለአማካሪ ወንድሞችና እህቶች ጥቂት ልጨምር። ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒት “በእምነት አቁም” አትበሉ። ሰው መኖር እንዳስጠላው ከጠረጠራችሁ “ራስህን ስለ ማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?” ብላችሁ በግልጽ ጠይቁት። መጠየቅ ሐሳቡን አያስገባበትም፤ ያሰበ ከሆነ ብቻውን አትተዉት፣ ሐኪም ጋ አድርሱት። የነገራችሁን ምስጢር ደግሞ “በጸሎት አስቡት” በሚል ሰበብ አታዙሩት። በዚህ የተጎዱ ሰዎች ሁለተኛ አፋቸውን አይከፍቱም።

ዝግጅት ክፍሉን የምለምነው አንድ ነገር ነው። በዚህ ጉዳይ ላይ አንድ መጋቢና አንድ የአእምሮ ሐኪም አንድን ችግር ይዘው ጎን ለጎን እንዲጽፉ ጋብዙልን። የትኛው ጋ ሲደርሱ አንዱ ለሌላው እንደሚያስተላልፍ አንባቢ በዓይኑ ይየው።

አክባሪያችሁ፣
የአእምሮ ሕክምና ነርስና የምክር አገልጋይ