ጎራዴውን የሸጠው ሳሙራይ

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

በባህል አምዳችሁ ስለ ጃፓን የሳሙራይ (ለመሳፍንት ያደሩ ባለ ጎራዴ ተዋጊዎች) ፊልሞችና አኒሜሽኖች የወጣውን ጽሑፍ በደስታ አነበብኩት። ስለዚህ ዘርፍ በአማርኛ የሚጻፈው ጥቂት ስለሆነ ጸሐፊውን አመሰግናለሁ። ጽሑፉ የተቋጨበትን ሐሳብ ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። እነዚህ ፊልሞች ወጣቶቻችንን ለጌታና ለአለቃ ያለማመንታት መታመንን ያስተምራሉ ይላል። በዘርፉ አንቱ የተባሉት ሥራዎች የሚሉት ግን የዚህን ተቃራኒ ነው።

ማሳኪ ኮባያሺ እ.ኤ.አ. በ1962 የሠራውን «ሐራኪሪ» እንመልከት። ታሪኩ የሚፈጸመው በ1630 ነው። ጦርነቱ አብቅቷል፤ መሳፍንቱ ሲሻሩ ሎሌዎቻቸው ጌታ አልባ ሆነው ተበትነዋል። ሮኒን የሚባሉት እነዚህ ናቸው። ሞቶሜ የሚባል ወጣት ሮኒን ሕፃን ልጁ በትኩሳት ሲነድበትና ሐኪም የሚጠራበት ገንዘብ ሲያጣ፣ በኤዶ ከተማ (በዛሬዋ ቶኪዮ) ወደሚገኘው የኢዪ መስፍን ቤት ይሄድና «በግቢያችሁ ሆዴን ቀድጄ በክብር ልሙት» ብሎ ይጠይቃል። እንዲህ የሚሉ ችግረኞችን አንዳንድ ቤቶች ጥቂት ገንዘብ እየሰጡ ይሸኙ ስለነበር የእሱም ተስፋ ይኸው ነው። የኢዪ ሹማምንት ግን «ያልከውን ፈጽም» ብለው ያስገድዱታል። ጎራዴው ሲታይ የቀርከሃ ሆኖ ይገኛል፤ እውነተኛውን ቤተሰቡን ለማኖር ሸጦታል። በዚያው ቀርከሃ እንዲሞት ይፈርዱበታል። ትዕይንቱ ረጅምና የሚያም ነው፤ ለልጆች የሚሆን አይደለም። ኮባያሺ አሳጥሮ ቢያልፈው ኖሮ ግን «ክብር» የሚለው ቃል በማን ደም እንደሚጻፍ አናይም ነበር።

ከዚያ የሞቶሜ አማት ሐንሺሮ ወደዚያው ግቢ ይመጣል። ሹማምንቱ ፊት ተቀምጦ የቤተሰቡን ታሪክ ሲተርክ ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበው የራሱ ጎራዴ ነው፤ ልጅየው የእሱን ሲሸጥ እኔ የራሴን ለመሸጥ እንኳ አላሰብኩም ይላል። በፊልሙ መጨረሻ የቤቱን ቅድመ አያት ጥሩር፣ ሁሉም የሚሰግድለትን፣ አንስቶ ይከሰክሰዋል። የቤቱ መዝገብ ጸሐፊ ግን የሆነውን ሁሉ ሰውሮ የቤቱን ስም የሚያስከብር ታሪክ ይጽፋል። ይህንን ያየ ሰው ስለ ሎሌነት ታማኝነት ምን ተምሮ ይወጣል? ኮባያሺ ራሱ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወደ ማንቹሪያ የዘመተ ወታደር ነበር፤ ጦርነቱን በመቃወም ከተራ ወታደርነት በላይ የሆነ ማዕረግ አልቀበልም ብሏል። ፊልሙ በ1963 በካን ፌስቲቫል የዳኞችን ልዩ ሽልማት አግኝቷል።

ከ40 ዓመት በኋላ፣ በ2002፣ ዮጂ ያማዳ «የምሽቱ ሳሙራይ» የተባለውን ፊልም ሠራ። እዚህም ጎራዴውን የሸጠ ሳሙራይ አለ። ሴይቤይ የመስፍኑን ግምጃ ቤት ዕቃ የሚቆጥር ዝቅተኛ ጸሐፊ ነው፤ ደመወዙ 50 ኮኩ ሩዝ ነው። አንድ ኮኩ አንድን ሰው ለአንድ ዓመት ይቀልባል ተብሎ የሚታሰብ መጠን ሲሆን ከ50ው ደግሞ ዕዳው ብዙውን ይበላዋል። ሚስቱ ሞታለች፤ ሁለት ሴቶች ልጆችና የመርሳት ሕመም የያዛቸው እናት አሉት። ከሥራ በኋላ ከባልደረቦቹ ጋር ስለማይጠጣ «የምሽቱ ሴይቤይ» እያሉ ይሳለቁበታል፤ ማታ ማታ የነፍሳት ማኖሪያ ጎጆ እየሠራ ይሸጣል። አለቆቹ እምቢተኛ ሳሙራይ እንዲገድል ሲያዙት ግን ምርጫ አይሰጡትም። ሁለቱ ሰዎች ከመጋደላቸው በፊት ተቀምጠው ስለ ሟች ሚስቶቻቸውና ስለ ድህነታቸው ያወራሉ። ሴይቤይ ረጅሙን ጎራዴ ለሚስቱ ቀብር ሸጬ አሁን አፎቱ ውስጥ ያለው ቀርከሃ ነው ሲል፣ እስከዚያ ድረስ ሲያዋየው የነበረው ሰው «ንቀኸኛል» ብሎ ይነሳበታል። ከወዳጅነት ወደ ግድያ ያሻገራቸው ያ የክብር ስሜት ነው። ሁለት ትልልቅ ዳይሬክተሮች በተለያየ ዘመን አንድ ነገር ላይ መድረሳቸው ይገርመኛል፤ የሁለቱም ደግ ሰው ጎራዴውን ከቤተሰቡ አሳንሶ ያየ ነው።

ጽሑፉ በብዛት ያነሳው የአኪራ ኩሮሳዋን «ሰባቱ ሳሙራይ» (1954) ነው፤ ጀግንነቱን ማድነቁም ትክክል ነው። ግን መንደራቸውን ከሽፍቶች እንዲጠብቁላቸው ገበሬዎች ከቀጠሯቸው ሰባት አንዱን፣ ኪኩቺዮን፣ ረስቶታል። ገበሬዎቹ ከገደሏቸው ሳሙራዮች የገፈፉት ጥሩር ተደብቆ ሲገኝ ጓደኞቹ ይቆጣሉ። እሱ፣ የገበሬ ልጅ ሆኖ ሳሙራይ ነኝ የሚለው፣ ይጮህባቸዋል፦ አዎ፣ ገበሬ ስስታም ነው፣ ውሸታም ነው፣ ገዳይ ነው፤ እንዲህ ያደረጋችሁት ግን እናንተ ናችሁ፣ መንደሩን ያቃጠላችሁ፣ እህሉን የዘረፋችሁ፣ ሴቱን የደፈራችሁ! ሌሎቹ አንገታቸውን ይደፋሉ። ከሰባቱ አራቱ ይሞታሉ፤ አራቱንም የሚጥላቸው የሽፍቶች ጠመንጃ ነው፣ ጎራዴ አይደለም። የቀሩት መቃብሩ ሥር ሲቆሙ ገበሬዎቹ እየዘፈኑ ሩዝ ይተክላሉ፤ መሪያቸውም እንደገና ተሸነፍን፣ ድሉ የገበሬዎቹ ነው ይላል። ይህን ያለው ኩሮሳዋ አባቱ ከሳሙራይ ቤተሰብ የተወለደ ሰው ነው።

ለጌታ መሞትን የሚያወድስ ታሪክ የለም አልልም። የታወቀው የ47ቱ ሮኒኖች ታሪክ አለ። በ1701 በኤዶ ቤተ መንግሥት ጎራዴ መዝዞ በሞት የተቀጣ ጌታቸውን ደም ተበቅለው በ1703 ራሳቸውን እንዲገድሉ የተፈረደባቸው ሰዎች ታሪክ ነው። መንግሥት ይህን ታሪክ ለምን እንደወደደው ግን መጠየቅ ያስፈልጋል። በጦርነቱ ወቅት፣ በ1941 እና 1942፣ የሕዝቡን የጦርነት መንፈስ እንዲያነሳሳ ተብሎ ኬንጂ ሚዞጉቺ በሁለት ክፍል ሠራው፤ እሱም ቢሆን ሁሉም የሚጠብቀውን የበቀል ጥቃት በስክሪኑ ላይ አላሳየም። ጃፓን በ1945 እጇን ስትሰጥ ደግሞ አገሪቱን የያዘው የአሜሪካ ጦር ሳንሱር ይህን መሰል የታማኝነትና የበቀል ታሪክ ለተወሰነ ጊዜ አገደ። ያ ትምህርት ምን ያህል ሰው እንደበላ ኮባያሺና ጓደኞቹ በዓይናቸው አይተዋል፤ ፊልሞቻቸው የመጡት ከዚያ ነው።

ወጣቶቹ በብዛት የሚያዩትን አኒሜሽን በተመለከተም ጽሑፉ «የደም ጨዋታ» ብሎ አልፎታል። ደም ብቻ የሞላባቸው አሉ፤ በእነሱ ላይ አልከራከርም። ግን ከኦሳሙ ቴዙካ ማንጋ (በሥዕል የተተረከ መጽሐፍ) ተወስዶ በ2019 እንደገና የተሠራውን «ዶሮሮ» ይዩ። አንድ የጦር አበጋዝ ግዛቱ እንዲበለጽግ የሚወለድ ልጁን አካል ለአጋንንት ይሰጣል። ልጁ ያለ ቆዳ፣ ያለ ዓይን፣ ያለ እጅና እግር ይወለዳል፤ በጀልባ አድርገው ወንዝ ላይ ይጥሉታል። አድጎ አጋንንቱን አንድ በአንድ እየገደለ አካሉን ሲያስመልስ፣ በእሱ ሥጋ የተገዛው የግዛቱ ሰላምና ጥጋብ ይፈርሳል። አባትየውም ታናሽ ወንድሙም ለአገር ሲባል ልጁ መሞት አለበት ይላሉ፤ ተመልካቹ ከማን ጋር እንደሚቆም ራሱ መወሰን አለበት። ይህን የሚያዩ የ16 ዓመት ልጆች ስለ ሥልጣን የሚያነሱትን ክርክር ሰምቻለሁ፤ ከብዙ ጎልማሶች ክርክር ይሻላል።

በ1996 በቴሌቪዥን የጀመረው «ሩሮኒ ኬንሺን»ም አለ፤ የቀድሞ ነፍሰ ገዳይ ዳግም ላለመግደል ምሎ ስለቱ ወደ ኋላ የዞረ ጎራዴ ይዞ ይዞራል። ታሪኩ በ1878 ነው የሚጀምረው፣ ጎራዴ ታጥቆ መሄድ በ1876 በአዋጅ ከተከለከለ በኋላ።

ስለዚህ ጥያቄዬ ይህ ነው። አምዱ ወደዚህ ርዕስ ሲመለስ ስለ ሺኖቡ ሐሺሞቶ ይጻፍልን። «ሰባቱ ሳሙራይ»ን ከኩሮሳዋ ጋር አብሮ የጻፈው እሱ ነው፤ የ«ሐራኪሪ»ን የፊልም ጽሑፍም የጻፈው እሱ ነው። በ2018 በ100 ዓመቱ አረፈ፤ በአማርኛ ስሙን ያነሳ ጽሑፍ ግን እስካሁን አላጋጠመኝም።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ