በእጅ የሠሩት፣ በእጅ የሰጡት፦ የኪነ ጥበብ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

ዓመቱ የተከፈተው በአንድ ጥያቄ ነው። በደሴም እንደ ሌላው የአገራችን ከተማ በእንቁጣጣሽ ማለዳ ወንዶቹ ልጆች አበባ፣ ፀሐይና መልአክ የሣሉበትን ወረቀት ይዘው ቤት ለቤት ይዞራሉ፤ "እንኳን አደረሰዎ" ብለው ይሰጣሉ፣ ዳቦ ወይም ሳንቲም ይቀበላሉ። ሴቶቹ አደይ አበባ ይዘው አበባየሆሽ ይላሉ። በክበቡ የመጀመሪያ ስብሰባ ላይ አንድ የ7ኛ ክፍል ተማሪ እጁን አውጥቶ፣ "መምህር፣ ሥዕሉን ሰጥተን ምንም ባንቀበልስ? በዓል ባልሆነ ቀንስ?" አለ። ክፍሉ ለጥቂት ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ ሁሉም በአንድ ጊዜ መናገር ጀመሩ፤ የዓመቱ ሥራችንም ያኔውኑ ተገኘ።

ዘንድሮ 34 አባላት ነበሩን። የምንገናኘው ረቡዕ ከትምህርት በኋላ ነው። የተስማማነው መዳፍ ላይ የሚያርፍ ነገር ለመሥራት ነበር፦ ካርድ፣ የመጽሐፍ ዕልባት፣ ከጨርቅ ቁርጥራጭ የሚሰፋ አበባ፣ የሲኒ ማስቀመጫ። ትልቅ ሥዕል የተቀበለ ሰው የት ልስቀለው ብሎ ይጨነቃል፤ ትንሽ ነገር ግን በኪስም፣ በዳዊት ወይም በቁርአን ገጾች መካከልም ቦታ አያጣም። ለዕቃ ገንዘብ ላለማውጣት ወሰንን። ካርቶን ከጫማ መሸጫዎች፣ ቁርጥራጭ ጨርቅ ከልብስ ሰፊዎች ለመንን፤ ማንም እምቢ አላለንም።

ቀለሙን ከማዕድ ቤት አወጣን። ብዙ የተማርነው እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። እርድ፣ ቀይ ሥር፣ ቡናና ከሰል ይዘን ጀመርን። ቀይ ሥሩን ቀቅለን ውሃውን ስናጠነክረው የወጣው ቀለም ልጆቹን በደስታ አስጮኸ። እኔ ግን በእያንዳንዱ ቀለም የተቀባ ቁራጭ ካርቶን መስኮት ላይ እንዲለጠፍ፣ ግማሹም በወፍራም ወረቀት እንዲሸፈን ጠየቅሁ። በሁለተኛው ሳምንት ሽፋኑን ስናነሣ ቀይ ሥሩ ወደ ቡኒ ሄዷል፤ የእርዱም ፀሐይ ያየው ወገን ገርጥቷል። ቡናውና ከሰሉ እንደነበሩ ናቸው። ከሰል ብርሃን የማይነካው ካርቦን ነው፤ ለእርድና ለቀይ ሥር ቀለም የሚሰጣቸው ንጥረ ነገር ግን በብርሃን ይፈርሳል። ቀይ ሥሩን ተውነው። እርዱን አልጣልነውም፤ ብርሃን በማይደርስበት በሚታጠፈው ካርድ ውስጠኛ ገጽ ላይ አዋልነው።

አየሩም ፈተና ነበር። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች፣ ከጦሳ ተራራ ጉም የሚወርድባት ናት። በዱቄት ሙጫ የተጣበቀ ካርቶን በማግስቱም እንደረጠበ ይቆያል፤ ሲደርቅ ደግሞ ይጠማዘዛል። ሙጫውን በስሱ መቀባትና ሥራውን በከባድ መጻሕፍት መጫን ግድ ሆነ። የተጠማዘዘው ይሰጥ ወይስ አይሰጥ በሚለው ክርክር ላይ፣ ያን ቀይ ቀለም ከሁሉም በላይ የወደደችው ልጅ፣ "ለራሴ ከሆነ ይጣመም፤ ለሰው ሲሆን ግን የተቃና መሆን አለበት" አለች። ከዚያ ቀን ወዲህ የተበላሸ ሥራ ከክፍሉ አልወጣም።

መስጠቱ ቀላል መስሎን ነበር። የመጀመሪያው ሐሳብ ሥራዎቹን በየቦታው አስቀምጦ መሄድ ነው፤ ያገኘው ይውሰደው፣ ሰጪው አይታወቅ። በኅዳር አንድ ቅዳሜ 20 ዕልባቶችን ፒያሳ አካባቢ በሱቅ ባንኮኒ፣ በሻይ ቤት ጠረጴዛ፣ በታክሲ ወንበር ላይ ትተን ዞር አልን። ባለሱቁ "ልጄ፣ ዕቃሽን ረሳሽ!" እያለ ከኋላ ይሮጣል፤ የሻይ ቤቷ እናት ሰው ልከው ያስጠራሉ፤ የታክሲው ረዳት በመስኮት ብቅ ብሎ ይጣራል። ከ20ዎቹ 14ቱን ይዘን ተመለስን። ልጆቹ ተከፍተው ነበር፤ እኔ ግን ኮራሁ። ልጅ ዕቃውን ረስቶ ሲሄድ ዝም ብሎ የማያይ ከተማ ነው ያለን። ስለዚህ ስጦታው ከእጅ ወደ እጅ እንዲሆን ተወሰነ።

ከእጅ ወደ እጅ ሲሆን ደግሞ የሁሉም ሰው የመጀመሪያ ጥያቄ "ስንት ነው?" ሆነ። አይፈረድባቸውም፤ ካርድ ይዞ የሚመጣ ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ መዋጮ ፈላጊ ነው። ልጆቹ ደንግጠው "በነፃ ነው" ሲሉ ጥርጣሬው ይብሳል። ሁለት ረቡዕ ሙሉ መስጠትን ተለማመድን፤ አንዱ ሰጪ፣ ሌላው ችኩል መንገደኛ፣ ሦስተኛው ተጠራጣሪ ነጋዴ እየሆነ። በመጨረሻ የያዝነው አነጋገር፣ "እትዬ፣ ይህን ለእርስዎ ብዬ ነው የሠራሁት" የሚል ነበር። ይህ እውነት እንዲሆን ደግሞ ለማን እንደሚሰጥ ቀድሞ ታስቦ መሠራት ነበረበት። እናም አሠራራችን ተለወጠ፤ ልጆቹ መጀመሪያ ሰውየውን ማየት፣ ከዚያ መሣል ጀመሩ።

አንዱ ልጅ በሰኞ ገበያ ድንች የሚሸጡ እናትን ከነድንች ክምራቸው በቡና ቀለም ሣለ። እናታችን ሥዕሉን አገላብጠው አዩት፣ በመቀነታቸው ጫፍ ቋጠሩት፣ ከዚያም የልጁን ቦርሳ በድንች ሞሉት። ምንም አንቀበልም ብለናል፤ ትልቅ ሰው የሰጠውን መመለስ ደግሞ ነውር ነው። አንድ ሙሉ ስብሰባ በዚህ ላይ ተከራከርን። እኔ ሕጉ ይጠበቅ ባይ ነበርሁ። ልጆቹ ግን መቀበልን የማያውቅ ሰው መስጠቱም ኩራት ይሆንበታል ብለው ረቱኝ። በመጨረሻ ገንዘብ እንዳንቀበል፣ ምግብ ከሆነ ግን አብረን እንድንበላው፣ ምርቃትን ደግሞ ቆመን እንድንቀበል ወሰንን። ድንቹ በሚቀጥለው ረቡዕ ተቀቅሎ ከጥበቃዎቻችን ጋር ተበላ።

ለማን እንስጥ የሚለውን ያሰፋልን የአይጠየፍ አዳራሽ ጉብኝታችን ነው። ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት፣ ስሙም እንደሚናገረው ድሃና ሀብታም ሳይለይ ማዕድ የሚቀርብበት አዳራሽ ነበር። ከጉብኝቱ በፊት በዝርዝራችን ላይ የነበሩት መምህራንና ዘመዶች ናቸው። ከጉብኝቱ በኋላ ጫማ የሚጠርጉ ልጆች፣ ተሸካሚዎች፣ እንጨት ተሸክመው ወደ ከተማ የሚወርዱ እናቶች ገቡበት። በሆስፒታል ግቢ ለሚቀመጡ አስታማሚዎች 40 ካርዶች ሠራን፤ በሽተኛውን ሁሉም ይጠይቀዋል፣ ሌሊቱን ቁጭ ብሎ የሚያነጋውን የሚያስበው ግን ጥቂት ነው። በካርዶቹ ላይ የተጻፈው አንድ የወሎ ቃል ብቻ ነበር፦ "አብሽሩ"።

ዘንድሮ ዐቢይ ጾም የካቲት 17፣ ረመዳን ደግሞ የካቲት 22 ገቡ። ክበቡ ግማሹ ክርስቲያን፣ ግማሹ ሙስሊም ነውና ሁሉም ጾመኛ ሆኖ ሲሠራ ማየት ለእኔ ከዓመቱ ሁሉ ያማረው ወቅት ነው። ክርስቲያኖቹ ለዒድ፣ ሙስሊሞቹ ለፋሲካ ስጦታ እንዲያዘጋጁ ተስማማን። የሰው ፊት ያለበት ሥዕል በአንዳንድ ቤት አይሰቀልምና ፊታችንን ወደ ስፌት ጥለት መለስን። የአንድ አባላችን አያት ስንደዶ፣ አክርማና በቀለም የተነከረ አለላ ይዘው መጥተው ትንንሽ ሙዳይ አስጀመሩን። ሁለት ወንዶች ልጆችም ወስፌ ያዙ፤ ሳቅ የጠበቀ ካለ አልሰማሁም። እማማ ደጋግመው የነገሩን ስለ መሃሉ ነው፤ ስፌት ከመሃል ይጀመራልና መጀመሪያው ከላላ ሁሉም ይላላል። ብዙ ጊዜ ፈታን። እስከ ሰኔ ያለቁት 11 ብቻ ናቸው።

ከ11ዱ ሙዳዮች የላቀውን የሠራችው ልጅ አልሰጥም አለች። እጇ በወስፌ ተወግቶ የሠራችው ነው፤ አላስገደድኋትም። ሦስት ሳምንት ከቦርሳዋ ሳይወጣ ቆየ። የጽዳት ሠራተኛችን እናታቸውን ቀብረው ወደ ሥራ በተመለሱ ዕለት፣ ደወል ሳይደወል ወደ እሳቸው ሄዳ "ለእርስዎ ነው" ብላ ሰጠቻቸው። አሁን መርፌና ክራቸውን ያስቀምጡበታል።

ለ2018 ዓ.ም. ስንደዶ ከክረምቱ ማብቂያ ጀምሮ መሰብሰብ ይኖርበታል፤ እማማም ሊያስተምሩን ቃል ገብተዋል። ወስፌ ያላችሁ ወላጆች አውሱን፤ ዘንድሮ ለ11 ሰው የነበረን አራት ነው። ቁርጥራጭ ጨርቅ የምትሰጡንም በጥበቃ ክፍሉ ተዉልን። በዚያ ግድግዳ ላይ የተለጠፈው በቡና የተሣለ የእጅ ባትሪ የእኛ ሥራ ነው፤ ባለቤቱን ጠይቋቸው፣ ማን እንደሠራላቸው ይነግሯችኋል።