ለብሪታንያ የገንዘብ ሚኒስትር፦ ያ ገንዘብ የተከፈለው ለማን ነበር?

ክቡርነትዎ፣

ይህን ደብዳቤ በአማርኛ የምጽፈው የእኛም ሰዎች እንዲያነቡት ብዬ ነው። ለንደን ውስጥ አውቶቡስ የሚነዱ፣ ሆስፒታል አዳር የሚሠሩ፣ ቢሮ የሚያጸዱ፣ ምግብ ቤት የከፈቱ ብዙ ሐበሾች አሉ። ግብራችን ደመወዙ እጃችን ሳይገባ ነው የሚቆረጠው። ምን ላይ እንደዋለ መጠየቅም መብታችን ነው። ዓመቶቹን በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

በፌብሩዋሪ 2018 መሥሪያ ቤትዎ ትዊተር ላይ አንድ አጭር መልእክት አውጥቶ ነበር። በሚሊዮን የምትቆጠሩ ዜጎች በግብራችሁ የባሪያ ንግድ እንዲያበቃ አግዛችኋል ይላል። ለባርነት መሻሪያ የተወሰደው ብድር ተከፍሎ ያለቀው በ2015 መሆኑንም ይነግረናል። የቀረበው እንደ ምሥራች ነበር። ሰዉ ሲቆጣ ከገጹ ተነሣ። ማንሣት ግን ማረም አይደለም።

በብሪታንያ ቅኝ ግዛቶች ባርነትን በሻረው በ1833ቱ ሕግ መሠረት የተመደበው 20 ሚሊዮን ፓውንድ የተከፈለው ለባሪያዎቹ ጌቶች ነው። ንብረታችሁን ስለወሰድንባችሁ ካሳ ውሰዱ ተባሉ። ገንዘቡ የመንግሥትን የዓመት ወጪ 40 በመቶ ያህል ነበር። 15 ሚሊዮኑን መንግሥት በ1835 ተበደረ። ብድሩ ከሌላ የመንግሥት ዕዳ ጋር እየተዋሃደ፣ ወለዱ እየተከፈለ እኛ ዘመን ደረሰ። ባሪያ የነበሩት ወደ 800 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች ግን አምስት ሳንቲም አላገኙም።

እንዲያውም እነሱ ራሳቸው ከፍለዋል። ኦገስት 1 ቀን 1834 ሕጉ ሥራ ላይ ሲውል፣ ከስድስት ዓመት በታች ካሉት ሕፃናት በቀር ሌላው ለቀድሞ ጌታው ያለ ደመወዝ መሥራቱን እንዲቀጥል ተደረገ። በሳምንት እስከ 45 ሰዓት። ይህ የቀረው በ1838 ነው።

የካሳው መዝገብ ዛሬም ለንደን፣ ኪው በሚገኘው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት አለ። ሰዎች በየሥራቸው ተመድበው ዋጋ ተቆርጦላቸዋል። የእርሻ ሠራተኛ፣ የቤት አገልጋይ፣ ባለሙያ። ሕፃናቱ የራሳቸው መደብ አላቸው። ሽማግሌዎችና በሽተኞችም እንዲሁ፣ በርካሽ ዋጋ። የጉያና ሰው ከጃማይካው በብዙ ይበልጥ ነበር፤ መነሻው የቀደሙት ዓመታት የገበያ ዋጋ ነዋ! ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ለንደን ያሉ የታሪክ ባለሙያዎች የጠያቂዎቹን ስም ኢንተርኔት ላይ አውጥተውታል። በኋላ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆኑት የዊልያም ግላድስቶን አባት ጆን ግላድስቶን፣ ከ2 ሺህ 500 በላይ ለሚሆኑ ሰዎች ከ100 ሺህ ፓውንድ በላይ ወስደዋል። እኔን ይበልጥ የከነከነኝ ግን የትንንሾቹ ነው። ጥቂት ባሪያ ብቻ የነበራቸው መበለቶችና ቄሶችም አመልክተው ተቀብለዋል።

ሰውን እንደ ንብረት የሚቆጥረው ይህ አስተሳሰብ በ1833 የተፈጠረ አይደለም። በ1781 ዞንግ የምትባል የሊቨርፑል ነጋዴዎች መርከብ ላይ ከ130 በላይ አፍሪካውያን ከነሕይወታቸው ባሕር ውስጥ ተጣሉ። የመርከቧ ባለቤቶች ለጠፋብን ጭነት ይከፈለን ብለው ኢንሹራንስ ጠየቁ። ክርክሩ ለንደን ፍርድ ቤት ደረሰ። በነፍስ ግድያ የተከሰሰ ሰው ግን አልነበረም። አትላንቲክን እንዲያቋርጡ ከተጫኑት 12.5 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ከ3 ሚሊዮን በላዩን ያጓጓዙት የብሪታንያ መርከቦች ናቸው።

የትዊተሩ መልእክት ሌላም ስሕተት አለበት። የባሪያ ንግዱ በብሪታንያ ሕግ የታገደው በ1807 ነው። የ1835 ብድር እሱን ሊያስቆም አይችልም። ባርነቱም ቢሆን በግብር ከፋይ ቸርነት ብቻ አላበቃም። በ1831 የገና ሰሞን ጃማይካ ውስጥ በሳም ሻርፕ መሪነት በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ባሮች ተነሡ። ከ300 በላይ ሰዎች ተገደሉ፤ ሻርፕም በሜይ 1832 ተሰቀለ። ሕጉ የወጣው በዓመቱ ነው። ለምን ይህ አልተጻፈም?

ከ1948 ጀምሮ ከካሪቢያን ወደዚህ አገር የመጡትን ደግሞ ያስቡ። ባቡሩንና አውቶቡሱን ነዱ፣ ሆስፒታሉን አቆሙ፣ ግብራቸውን ከፈሉ። የአያት ቅድመ አያቶቻቸው ጌቶች የተካሱበትን ብድር ከከፈሉት መካከል እነሱም አሉ። ይህን ለእነሱ እንደ ምሥራች መንገር ነውር ነው።

የእኛም አገር ንጹሕ ናት አልልም። ኢትዮጵያ ባርነትን ለመጨረሻ ጊዜ በአዋጅ የሻረችው በ1942 ነው። በቀይ ባሕር በኩል የተሸጡት ሰዎች ታሪክም ገና በቅጡ አልተነገረም። እሱ የራሳችን የቤት ሥራ ነው። የእናንተን ግን አይቀንሰውም።

ስለዚህ የምጠይቅዎ ይህን ነው። አንደኛ፣ ያ መልእክት በመሥሪያ ቤትዎ ስም፣ በጽሑፍ ይታረም። ገንዘቡ ለጌቶች መከፈሉ በግልጽ ይነገር። ከ1835 እስከ 2015 የተከፈለው ወለድም ማንም ሊረዳው በሚችል ቋንቋ ተሰልቶ ይውጣ።

ሁለተኛው ከበድ ይላል። የካሪቢያን አገሮች በ2014 ባለ አሥር ነጥብ የካሳ ዕቅድ አጽድቀዋል። ዕዳው በፌብሩዋሪ 2015 ተዘጋ። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ ጠቅላይ ሚኒስትር ዴቪድ ካሜሮን ጃማይካ ፓርላማ ቆመው፣ ይህን ታሪክ አልፈን ወደፊት እንሂድ አሉ። ለባለቤቶቹ ካሳ የተወሰደን ብድር 180 ዓመት ያስታመመ ግምጃ ቤት፣ ለተበደሉት ሲሆን ጊዜው አልፏል ሊል አይችልም። ከእነዚህ አገሮች ጋር ሒሳቡን ይዘው ይቀመጡ። መቼ እንደሚቀመጡም ለሕዝብ ያሳውቁ።

ከአክብሮት ጋር፣
ለንደን የሚኖር ኢትዮጵያዊ ግብር ከፋይ