መርፌውን ይዘን የሚወጋልን አጣን፦ ግልጽ ደብዳቤ ለጤና ሚኒስቴር

ለተከበራችሁ የሚኒስቴሩ ኃላፊዎች፣

ታናሽ እህቴ በየ28 ቀኑ መርፌ ትወጋለች። ቤንዛታይን ፔኒሲሊን የሚባል አንቲባዮቲክ ነው፤ ሩማቲክ የልብ ሕመሟ እንዳይባባስ የምትወስደው። ዱቄቱ በውሃ ሲበጠበጥ ወተት ይመስላል፤ ወፍራም ስለሆነ መርፌው ቶሎ ይደፈናል። እጁ ያልለመደ ባለሙያ ከገጠማት ሁለቴ ትወጋለች። ያን ቀን እያነከሰች ነው ቤት የምትገባው። እሱን ለምዳዋለች። ያልለመደችው የሚወጋት ሰው ማጣትን ነው።

ባለፈው ወር መድኃኒቱን ከግል ፋርማሲ ገዝተን፣ ማዘዣዋን ይዘን ጤና ጣቢያ ሄድን። ነርሷ ብልቃጡን አገላብጣ አየችና «እኛ ይሄን አንወጋም። ሪአክሽን ቢያመጣ ማን ይጠየቃል?» አለችን። አልተቀየምኳትም። አንድ ነገር ቢፈጠር ብቻዋን እንደምትቀር ታውቃለች። ሌላም ሁለት ቦታ ተመልሰን በአራተኛው ተወጋች።

ሁሉም የጀመረው በቶንሲል ነው። ያኔ 11 ዓመቷ ነበር። ጉሮሮዬን አለች፣ አተኮሳት። እናታችን በጨው ውሃ አስጉመጠመጠቻት፤ ተሻላት። ሦስት ሳምንት ቆይቶ ጉልበቷ አበጠ፣ ቀጥሎ ቁርጭምጭሚቷ። ሐኪሙ የልቧ ቫልቭ መጎዳቱን ሲነግረን እናቴ «የታመመችው እኮ ጉሮሮዋን ነው» አለች።

የጉሮሮ ሕመም ሁሉ እንዲህ አይደለም። አብዛኛው ከቫይረስ ስለሚመጣ በራሱ ይድናል፤ አንቲባዮቲክም አይፈልግም። ቡድን ኤ ስትሬፕቶኮከስ የሚባለው ባክቴሪያ ሲሆን ግን ሰውነት ባክቴሪያውን ለመውጋት ያስነሳው ኃይል ዞሮ የራሱን መገጣጠሚያና ልብ ሊመታ ይችላል። በዚህ የተነሳ የልብ ቫልቭ ሲጎዳ ነው ሩማቲክ የልብ ሕመም የሚባለው። በይበልጥ የሚጠቁት ከ5 እስከ 15 ዓመት ያሉ ልጆች ናቸው። ሕመሙ በጀመረ በ9 ቀን ውስጥ ፔኒሲሊን ከተሰጠ ይህን መከላከል ይቻላል። ባክቴሪያው ፔኒሲሊንን እስካሁን አልተላመደም። እኛ ጋ ግን ዛሬም ጉሮሮውን ላመመው ልጅ እንጥል የሚያስቆርጥ አለ።

እ.ኤ.አ. በ2015 ሩማቲክ የልብ ሕመምን ከአፍሪካ ለማጥፋት ጥሪ የወጣው እዚሁ አዲስ አበባ ነው። ጥሪው ይህ መርፌ በበቂ መጠን እንዲቀርብ ይጠይቃል። ስሙን ለጥሪው የሰጠው ከተማ ውስጥ አራት በር ማንኳኳታችን ያንገበግበኛል።

ነርሶች የሚፈሩት ያለ ምክንያት አይደለም። ከባድ አለርጂ ብርቅ ቢሆንም ይከሰታል። ቫልቩ ክፉኛ የተጎዳ ታካሚም መርፌው ይሁን ኪኒን ሐኪም አይቶ ሊወስንለት ይገባል። ስለዚህ ስልጠና ስጧቸው። ለከባድ አለርጂ የሚሰጠው አድሬናሊን ከመርፌ ክፍል አይጥፋ። ከሁሉ በላይ፣ መመሪያውን ተከትሎ የወጋ ባለሙያ እንደማይጠየቅ በጽሑፍ አሳውቁልን። ይህ ወረቀት ግድግዳው ላይ ቢለጠፍ ያቺ ነርስ እህቴን አትመልሳትም ነበር።

የሚቀጥለው መርፌዋ ወር በገባ በ12 ነው። ጤና ጣቢያው ከቤታችን የአስር ደቂቃ መንገድ ነው። እዚያው እንድትወጋ እፈልጋለሁ።