ከሎኮሞቲቩ በፊት ፉርጎው

ደብረ ብርሃን፣ የካቲት

ለምወድህ ወንድሜ፤

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህና ልጆችህስ እንዴት ናቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ብርዱ ያው የምታውቀው ነው። የኅዳሩ ውርጭ ባቄላውን ጎዳው እንጂ ከዚያ ወዲህ ፀሐዩ ጥሩ ነው። እናትህን ለጥምቀት ታቦት ስንሸኝ አገኘኋቸው። ጉልበታቸውን ትንሽ ያማቸዋል፤ ሌላው ደህና ነው። ደብዳቤ ልጽፍልህ እንዳሰብኩ ስነግራቸው «ጾሙን እንዳይረሳ በልልኝ» ብለውኛል።

ከተጻጻፍን ስንት ጊዜ ሆነን! በስልክ «ሰላም ነህ? ሰላም ነኝ» መባባላችን አልቀረም። እሱ ግን ጨዋታ አይሆንም። ሰው ወንድሙ ሲናፍቀው ቁጭ ብሎ ይጽፋል። እኔም ዛሬ ቁጭ ብያለሁ።

ወረቀት ያስያዘኝ ልጆቹን ይዘህ ሃምቡርግ ሄደህ የላክህልኝ ቪዲዮ ነው። ሚኒያቱር ቩንደርላንድ ስለሚባለው ትልቅ የሞዴል ባቡር ማሳያ ብዙ አንብቤያለሁ። አንተ ቀርጸህ ስትልከው ግን ሌላ ነው። ትንሹ ልጅህ «ይሄኛው! አይ፣ ይሄኛው!» እያለ ከአንዱ ባቡር ወደ ሌላው ሲሮጥ፣ እዚህ ሆኜ አብሬው ሮጥኩ። መንትዮቹ ወንድማማቾች፣ ፍሬደሪክና ጌሪት ብራውን፣ ቦታውን የከፈቱት እ.ኤ.አ. በ2001 ነው። አሁን ከ1,000 በላይ ባቡር ይሄድበታል። ሐዲዱ ቢቀጣጠል 16 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል።

እስቲ አንድ ሂሳብ ልንገርህ። እዚያ ያየሃቸው ባቡሮች ኤች ኦ በሚባለው መጠን የተሠሩ ናቸው። እውነተኛው ባቡር 87 ጊዜ ሲያንስ ማለት ነው። ከለገሃር እስከ ጅቡቲ የነበረው የድሮው ሐዲዳችን 784 ኪሎ ሜትር ነው። ለ87 አካፍለው። 9 ኪሎ ሜትር ይመጣል። ለገሃር፣ ሞጆ፣ አዳማ፣ አዋሽ፣ ድሬዳዋ፣ ደወሌ፣ ጅቡቲ፤ ያ ሁሉ መስመር አንተ የቆምክበት ሕንፃ ውስጥ ካለው ሐዲድ ያንሳል! ይህን ካሰላሁ ወዲህ ሐሳቡ ከጭንቅላቴ አልወጣም። አልፕስ አለ፣ አሜሪካ አለ፣ ጣሊያን አለ። የእኛ ግን የለም። በፋብሪካ ተሠርቶ በካርቶን የሚሸጥ አንድም የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር እስካሁን አላየሁም።

ወቅቱ ደግሞ የአዲስ ሞዴል ወሬ የሚሞቅበት ነው። በየዓመቱ በእኛ ጥር መጨረሻ ላይ ኑርንበርግ ውስጥ ትልቁ የአሻንጉሊት ንግድ ትርኢት ይከፈታል። እ.ኤ.አ. ከ1950 ጀምሮ ያለ ነው። ዋናው እንግዳው ነጋዴ ነው። ይሁን እንጂ የሞዴል ባቡር ፋብሪካዎቹ ሜርክሊንም፣ ሮኮም፣ ፒኮም የዓመቱን አዲስ ሥራቸውን የሚያሳውቁት ያን ሰሞን ነው። የእንግሊዙ ሆርንቢ ደግሞ በፈረንጆቹ አዲስ ዓመት መባቻ ቀደም ይላል። የባቡር ወዳጅ ሁሉ ያን ጊዜ ዓይኑ ስልኩ ላይ ነው። የትኛው ጎታች ሎኮሞቲቭ ይወጣል? የትኛው ፉርጎ? በየትኛው ዘመን ቀለም? እኔም ደብረ ብርሃን ተቀምጬ፣ አንዱንም የመግዛት ሐሳብ ሳይኖረኝ፣ ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች አነበዋለሁ። ደስ ይለኛል።

ታውጇል ማለት ግን ተሠርቷል ማለት አይደለም። መጀመሪያ እውነተኛው ባቡር ይለካል፤ አንዳንዱ በሌዘር ስካን ይደረጋል። ከዚያ በኮምፒውተር ይነደፋል። ቀጥሎ ፕላስቲኩ የሚፈስበት የብረት ሞልድ ይቆረጣል። ገንዘቡን የሚበላው ይሄ ነው። ከሞልዱ ቀለም ያልነካው የመጀመሪያ ናሙና ይወጣል። ጉድለቱ የሚለቀመው በሱ ላይ ነው። ከዚያ ቀለም የተቀባ ናሙና ይመጣል። ምርቱ፣ በአብዛኛው ቻይና ውስጥ፣ የሚጀመረው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ሁለትና ሦስት ዓመት መጠበቅ የተለመደ ነው። ሰው ከፍሎ ወይም ስሙን አስመዝግቦ ይጠብቃል።

ሞልዱ ውድ ስለሆነም ፋብሪካው ብዙ ሰው የሚገዛውን ይመርጣል። አሜሪካኖቹ እ.ኤ.አ. ከ1941 እስከ 1944 የሠሯቸውን ቢግ ቦይ የተባሉ የእንፋሎት ሎኮሞቲቮች ታውቃለህ? ጠቅላላ የተሠሩት 25 ናቸው። አንዱ ርዝመቱ 40 ሜትር ያልፋል። በኤች ኦ እንኳ 46 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ ጠረጴዛህን ይሞላዋል። እሱን የመሰለው ዝነኛ በተለያየ ፋብሪካ፣ በተለያየ ዘመን ደጋግሞ ይሠራል። አልቃወምም፤ ግርማው ያስደንቃል። ግን የሞዴል ባቡር ነፍሱ ያለው ሎኮሞቲቩ ላይ አይመስለኝም። ነፍሱ ያለው ፉርጎው ላይ ነው። ምን ጭኖ ነበር? ከየት ወዴት? በሩ በየት በኩል ይከፈት ነበር? የአገሩ ኑሮ የሚነበበው እዚያ ላይ ነው። የእኛው መስመር ቡናና ቆዳ ወደ ወደቡ ያወርድ ነበር፤ ጨው ወደ ላይ ያመጣ ነበር። ይህን የሚነግርህ ፉርጎው ነው።

የአየርላንዶቹ ነገር ነው ልቤን ያደፋፈረው። አየርላንድ ትንሽ አገር ናት። የሐዲዷ ስፋት 1,600 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከጎረቤቶቿ ይለያል። ትልልቆቹ ፋብሪካዎች ለሷ ብለው ሞልድ የሚቆርጡት አልፎ አልፎ ነበር። የባቡር ወዳጆቹ ራሳቸው ተሰባስበው አይሪሽ ሬይልዌይ ሞዴልስ የሚባል ድርጅት አቋቋሙ። መጀመሪያ ያወጡት ሎኮሞቲቭ አይደለም። ሐዲድ ሥር የሚደፋ ጠጠር የሚጭን ፉርጎ ነው! ከነሱ የወጣው አኩራስኬልም ለእንግሊዝ ገበያ በድንጋይ ከሰል ፉርጎ ጀመረ። ዛሬ ሎኮሞቲቭ ሲያሳውቁ የእንግሊዝ ወዳጆች በጉጉት ከሚጠብቋቸው መካከል ናቸው።

ስለዚህ ወንድም ዓለም፣ እኔም በፉርጎ ጀምሬያለሁ።

ባለፈው ክረምት ድሬዳዋ ወርጄ ነበር። አሮጌዎቹ ፉርጎዎች አሁንም ጊቢው ውስጥ አሉ። አስፈቅጄ፣ ሜትሮ ይዤ፣ አንዱን የተዘጋ የዕቃ ፉርጎ ከጫፍ እስከ ጫፍ ለካሁ። አንድ ጡረተኛ የባቡር ሠራተኛ ሙቀቱን ችለው ሜትሮውን ያዙልኝ። በሩ እንዴት እንደሚንሸራተት፣ ማኅተሙ የት ይታሰር እንደነበር በእጃቸው አሳዩኝ። 8 ሜትር የሆነ ነገር በኤች ኦ 9 ሳንቲ ሜትር ከምናምን ይሆናል። መዳፍህ ላይ ይቀመጣል።

የሠራሁት ከወተት ዱቄት ጣሳ ላሜራ ነው። ላሜራውን አቃንቼ፣ በማስመሪያና በስለት የጣውላውን መስመር አወጣሁ። ያስቸገረኝ የብሎኑ ራስ ነው። እውነተኛው ላይ ብረቱን ከብረት ያያያዘው ድቡልቡል ራስ በረድፍ በረድፍ ይታያል። እሱ ከሌለ ፉርጎው ሳጥን ነው። ከጀርባ በኩል በኮምፓስ ሹል ቀስ እያልኩ ጫን ሳደርገው በፊት በኩል ጉብ ይላል። ሥሩ ለስላሳ ነገር መሆን አለበት፤ የጫማ ሶል ጥሩ ሆነ። ረድፉ እንዳይጣመም ካሬ ወረቀት ለጥፌ ነው የወጋሁት። ከዚያ ማዕዘኑን በካውያና በሊድ አያያዝኩ። በሩ ይንሸራተታል። ጣሪያው ከስስ ካርቶን ነው፤ ኮላ ቀብቼ በጠርሙስ ላይ አጉብጬ አደረቅኩት። ቀለሙን ሦስት ጊዜ በስሱ ቀባሁና ጫፍ ጫፉን የዝገት መልክ ሰጠሁት። ባለቤቴ ከመስኮቱ ሥር አስቀምጣው አየችና «አሁንስ ዕቃ ሊጫን ነው» አለች።

የቀረው እግሩ፣ ጎማው ነው። እሱን በእጄ ልሠራው አልችልም። የድሮው ሐዲዳችን ስፋቱ 1 ሜትር ነው። በ87 ሲካፈል 11 ሚሊ ተኩል ይሆናል። ደግነቱ 12 ሚሊ የሆነ ሐዲድ ተሠርቶ ይሸጣል፤ ኤች ኦ ኤም ይሉታል። የስዊዘርላንድ ተራራ ላይ የሚሄደው ሬቲሽ ባን ባለ 1 ሜትር ስለሆነ፣ እሱን የሚወዱ ሰዎች የሚጠቀሙበት ነው። ቤሞ የሚባለው የጀርመን ፋብሪካ ዋና ሥራው ይህ ነው። ስዊዞቹ ሳያውቁት ለእኛም ሠርተውልናል።

ምን ልሠራበት እንዳሰብኩ ልንገርህ። አዋሽን ነው። ተማሪ ሆነን ከለገሃር ተነስተን ድሬዳዋ ስንሄድ አዋሽ ላይ ወርደን ሻይ የጠጣንበትን ቡፌ ታስታውሳለህ? ከነዛፎቹ እሱ ይኖራል። አዋሽን የመረጥኩት ግን ለትዝታ ብቻ አይደለም። አዲሱ የኤሌክትሪክ ሐዲድም በአዋሽ ያልፋል። ከዚያ ደግሞ ወደ ሰሜን የሚገነጠለው የኮምቦልቻ–ሐራ ገበያ መስመር አለ፤ 390 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ቱርኮቹ ያፒ መርከዚ ናቸው የሠሩት። በሸዋ ሮቢት በኩል፣ በአጣዬ በኩል ያልፋል፤ በእኛው ቆላ! አዲሶቹ ሐዲዶች 1,435 ሚሊ ሜትር ስለሆኑ በኤች ኦ 16 ሚሊ ተኩል ይሆናሉ። ይህ ከማንኛውም የሞዴል ሱቅ የሚገኘው ተራ ሐዲድ ነው። በአንድ ኮምፔንሳቶ ላይ ሁለቱም ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ቀጭኑ የአያቶቻችን፣ ሰፊው የልጆቻችን።

እዚህ ላይ ትንሽ ልዘገይ። እኛ የደብረ ብርሃን ልጆች ባቡርን የሌላ ሰው ነገር አድርገን ነው ያደግነው። ነገሩ ግን የተጸነሰው በእኛ አገር ነው። ምኒልክ የተወለዱት አንጎለላ ነው፤ ከዚህ ቅርብ። ስዊዙ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ እ.ኤ.አ. በ1879 የመጣው አንኮበር ነው። እ.ኤ.አ. በ1894 የሐዲዱን ፈቃድ ከንጉሠ ነገሥቱ የተቀበለው እሱው ነው። ሥራው በ1897 ከጅቡቲ ተነሳ፣ በ1902 ድሬዳዋ ደረሰ፣ በ1917 አዲስ አበባ ገባ። ይህን ለተማሪዎቼ ስነግራቸው አንገታቸውን ቀና ያደርጋሉ። ከሸዋ ሮቢት የመጡት ደግሞ ሐዲዱን በዓይናቸው ያዩ ናቸው። «መምህር፣ የእኛን ሐዲድም ትሠራዋለህ?» ብሎ አንዱ ጠየቀኝ። እሠራዋለሁ አልኩት። አሁን እሱና ጓደኞቹ ከትምህርት በኋላ እየመጡ ነው። አንዱ የኤሌክትሪክ ምሰሶዎቹን ከቀጭን ሽቦ ይሠራል። አንዷ ተማሪ የግራሩን ዛፍ ከደረቅ ሣርና ከተፈጨ ስፖንጅ ሠርታ አሳየችኝ። ማመን አቃተኝ።

የሚመጣው ክረምት ከመግባቱ በፊት፣ ፈተና እንዳለቀ፣ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ለወላጆች ልናሳየው ነው። የጠረጴዛው ርዝመት ሁለት በር ተገጥሞ ያህል ነው። ባቡሩ ባይሄድም እናሳየዋለን። ቢሄድ ግን ምን ያህል ደስ ይላል! ዲናሞ አለኝ፤ ከተበላሸ ፕሪንተር አውጥቼዋለሁ። 12 ቮልት ይበቃዋል።

እንግዲህ ልመናዬ ይኸውልህ። ሚያዝያ ላይ ዶርትሙንድ ውስጥ ኢንተርሞዴልባው የሚባለው ትርኢት አለ። እሱ ለሕዝብ ክፍት ነው። ልጆቹን ይዘህ ሂድ። አዲስ ሎኮሞቲቭ እንድትገዛልኝ አልፈልግም፤ ዋጋው አንጀት ይበላል። ትርኢት ባለበት አሮጌ ዕቃ የሚሸጥበት ጠረጴዛ አይጠፋም። እዚያ ኤች ኦ ኤም ብለህ ጠይቅ። ያገለገለ ሐዲድ ጥቂት፣ አንድ ሐዲድ መቀየሪያ፣ የፉርጎ ጎማ ከነአክስሉ አራት። የጎማው ስፋት ከዳር እስከ ዳር 9 ሚሊ አካባቢ ከሆነ ጥሩ ነው። ሰውየው ለምን እንደሆነ ከጠየቀህ ለኢትዮጵያ ፉርጎ ነው በለው። የባቡር ወዳጅ ከሆነ ሌላ ነገርም ይጨምርልሃል።

ሌላም አለ። ማሳያዎቹን ስታይ ባቡሩን ብቻ አታንሳልኝ። ከጠረጴዛው ሥር ጎንበስ በልና ሽቦው እንዴት እንደታሰረ አንሳ። የሐዲዱ ጠጠር በምን እንደተጣበቀ ጠይቅ። ከኋላው ያለው ሰማይ በምን ላይ እንደተሳለ እይ። እዚህ የቸገረን እሱ ነው፤ አንድ የሚያሳየን ሰው የለም። ተማሪዎቼ ፎቶውን በፕሮጀክተር ያዩታል።

ባለቤትህን በጣም አድርገህ ሰላም በልልኝ። ለእናትህ የምታደርሰው ነገር ካለ በእኔ በኩል ላክ፤ ሳልውል ሳላድር አደርሳለሁ። መልሱን በስልክ እንዳትጨርሰው፤ ጻፍልኝ። ያንን ትንሹን ደግሞ አንድ ነገር ጠይቅልኝ። ሁለተኛውን ፉርጎ ለሱ ነው የምሠራው። ክፍት ይሁን ወይስ የተዘጋ? ቡና ይጫን ወይስ ጨው? ቀለሙንም ይምረጥ።

ወንድምህ