«ሃምሳ ምናምን ሺህ» ስንት ብር ነው?

ይድረስ ለልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ደሴ ብርዱ ጀምሯል።

ወንድምሽ ባለፈው ሳምንት መጥቶ ሦስት ቀን አድሮ ሄደ። እንጀራ ቤትሽን አይቶ ስለመጣ አንድ በአንድ አስነገርኩት። አራት ምጣድ፣ ሁለት ሠራተኛ፣ እንጀራ የሚወስዱሽ ሁለት ሆቴል። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት እንደምትነሺ፣ እንደከሳሽም ነገረኝ። የባንክ ሥራሽን መልቀቅሽን ከሰው አፍ መስማቴ ከንክኖኛል። እሱን ስትመጪ እንነጋገራለን። ደግሞ የከፋኝ እንዳይመስልሽ። ልጄ የራሷን በር ከፈተች ብዬ ጎረቤቱን ጠርቼ ቡና አፍልቻለሁ።

አንድ ነገር ግን እንቅልፍ ነሳኝ። ወንድምሽ «አንደኛው ሆቴል ስንት አለበት?» ብሎ ሲጠይቅሽ «ሃምሳ ምናምን ሺህ» አልሽው አሉ።

ምናምን ስንት ብር ነው ልጄ?

51 ሺህም ሃምሳ ምናምን ነው፤ 59 ሺህም ሃምሳ ምናምን ነው። በመሀሉ 8,000 ብር አለ። ከአንድ እንጀራ 2 ብር ቢተርፍሽ፣ ያንን ለማግኘት 4,000 እንጀራ መጋገር አለብሽ። አራት ሺህ ጊዜ ምጣድ ማሰስ፣ አራት ሺህ ጊዜ አክንባሎ ማንሳት ነው፤ እንፋሎቱ ፊትሽን እየገረፈሽ። ባንክ እያለሽ የቀኑ ሒሳብ ትንሽ ከጎደለ ሳይገኝ ቤት አልገባም ትዪኝ ነበር። ለሰው ብር እንዲያ የሆንሽ ልጅ፣ ለራስሽ ላብ ሲሆን ምናምን ትያለሽ?

ሳትጽፊ አትተኚ። ደክሞሽ ቢሆንም፣ ዓይንሽ እየተከደነም ቢሆን፣ ሳትጽፊ አትተኚ።

ነገ ጠዋት ባለ ካርቦን ደብተር ግዢ። እንጀራ ባወረድሽ ቁጥር ቀኑን፣ ብዛቱን፣ ተመላሹን፣ የተቀበለውን ሰው ስም ጻፊና አስፈርሚ። አንዱ ለነሱ፣ አንዱ ላንቺ። ዛሬ «እህቴ» እያለ የሚቀበልሽ ሰው ነገ ቢቀየር፣ አዲሱ «እኔ አላውቅም» ነው የሚልሽ። ክፍያው በሁለት ሳምንት ነው ከተባባላችሁ፣ ሁለት ሳምንት ካለፈ እንጀራውን አታውርጂ። ደንበኛ ይሸሸኛል ብለሽ አትፍሪ። የማይከፍል ደንበኛ የሚበላው ያንቺን ጤፍ ነው።

የግድግዳውን ታሪክ ታውቂዋለሽ። አጎትሽ በየበዓሉ እያነሳው ስትስቁበት ኖራችኋል። ሆጤ ባለው ቤታችን መስኮት ላይ በርበሬና ሽሮ ስሸጥ፣ የዱቤውን ሒሳብ ከበሩ ጀርባ በከሰል አሰምር ነበር። ረጅም መስመር አንድ ኪሎ፣ አጭር መስመር ግማሽ። መጻፍ ሳልችል ቀርቼ አይደለም። በ1971 የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ልጅ ነበርኩ፤ ማታ ማታ በኩራዝ ፊደል ቆጥሬያለሁ። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለውን ስንት ቀን ጽፌዋለሁ። ግን ደብተር ትልቅ ሱቅ ላለው ሰው ነው፣ ለመስኮት ንግድ ምን ያደርጋል አልኩ። ከዚያ አባትሽ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ለእንቁጣጣሽ ደስ ሊያሰኘኝ ቤቱን ኖራ ቀባው። ከሰኞ ገበያ ስመለስ ግድግዳው ወተት መስሏል። እናንተ የምታውቁት እስከዚህ ነው።

የቀረውን ለማንም ተናግሬው አላውቅም።

የተበዳሪውን ሁሉ ዕዳ ከጭንቅላቴ ለማውጣት ሞከርኩ። አብዛኛው ሰው እውነቱን ነግሮኝ ከፈለኝ። ከማዶ ያለችው እታለም ጋ ስደርስ «የ2 ኪሎ በርበሬ አለብሽ» አልኳት። «ለልጅሽ ሰጥቻታለሁ» አለችኝ። ልጅየዋ አንቺ ነሽ። ስድስት ዓመትሽ ነበር። ልምጭ ይዤ ጠየቅኩሽ። ልምጩን አየሽና «አልሰጠችኝም» አልሽ። እኔም ቡና ላይ፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ «በሕፃን ልጅ ታሳብቢያለሽ?» አልኳት። ስኒዋን ሳትጨርስ አስቀመጠችው። ማታ ብሩን በልጇ ላከችልኝ። በዚያ ዓመት ረመዳን ሲገባ የቴምሩ ሳህን ወደ ቤታችን አልመጣም።

ለፋሲካ ዕቃ ሳወጣ፣ ከቁም ሳጥኑ ሥር ባዶ የሻይ ቅጠል ቆርቆሮ አገኘሁ። ውስጡ ሁለት ባለ 10 ብር ኖት ነበር። አራት ቦታ ታጥፈው፣ ከአሻንጉሊትሽ ቀሚስ በተቀደደ ጨርቅ ተጠቅልለው። እታለም «ለእናትሽ አስቀምጪ» ስትልሽ፣ እንዳይጠፋብሽ ብለሽ ደብቀሽ አስቀመጥሽው። ይህን ስታነቢ ራስሽን እንዳትወቅሺ። ልምጭ በያዘች እናት ፊት የስድስት ዓመት ልጅ ምን ትበል? ጥፋቱ የኔ ነው። አንድ መስመር ጽፌ ቢሆን ያንቺን ምስክርነትም አልፈልግም ነበር።

ነገ ሄጄ እግሯ ላይ እወድቃለሁ አልኩ። ከበዓሉ በኋላ አልኩ። ከክረምቱ በኋላ አልኩ። አፈርኩ ልጄ። ከዚያ ልጇ ኮምቦልቻ ወሰዳት፤ ቀጥሎ የሰማሁት መርዶዋን ነው። ለቅሶው ላይ ከኋላ ተቀምጬ ወጣሁ። 20 ብሩ ዛሬም ቆርቆሮው ውስጥ አለ። በ2013 ብር ሲቀየር፣ ሰው ሁሉ ባንክ በር ላይ ሲሰለፍ፣ እሱን ማውጣት አቃተኝ። አሁን ምንም አይገዛም።

ስለ ሆቴሉ ልነግርሽ ነበር ብዕር ያነሳሁት፤ ወዴት ሄድኩ።

መብራቱን በደንብ አስቢበት። አራት ምጣድ በተራ የቤት ቆጣሪ አይሆንም። ስሪ ፌዝ የሚሉትን ባለ ሦስት መስመር ቆጣሪ አስገብተሻል? ገመዱን ሙያተኛ አይቶታል? መብራት በጠፋ ቀን ሊጡ እንዳይበላሽብሽ አንድ የእንጨት ምጣድ ይኑርሽ። ክረምት ሲገባ እርሾው ይዘገያል፤ የቡኮውን ሰዓት ቀደም አድርጊው። አዲሱ ጤፍ ታኅሣሥና ጥር ላይ ሲገባ ብር ካለሽ ያኔ ያዢ። ሩዝ የምትቀላቅዪ ከሆነ ለገዢው ንገሪው። ዝም ብለሽ እንዳታደርጊው፣ በጡቴ ይዤሻለሁ።

በቴሌብር የሚገባልሽ ሁሉ ያንቺ አይደለም። ውስጡ ጤፍ አለ፣ ወፍጮ አለ፣ ኪራይ አለ፣ የሁለቱ ልጆች ደመወዝ አለ። የሥራውን ሒሳብ ለብቻ ክፈቺ። ለራስሽም እንደ ሠራተኛ ደመወዝ ቁረጪ። ዕቁብሽን የምትጥዪው ከእሱ ነው። የአክስትሽ ልጅ ለሠርጓ 300 እንጀራ በዱቤ ካለችሽም ስጫት፤ ግን ጻፊ። ለዘመድ ሲሆን አይጻፍም ብሎ ነገር የለም። እኔን ያየሽ ዘመድሽን ከቡናሽ አታርቂ።

ግብሩም እንዲሁ ነው። በ2009 ክረምት የቀን ገቢ ግምት በየከተማው ነጋዴውን እንዴት እንዳስጮኸው አትረሺውም። ያን ጊዜ እኔም ይህን ያህል አልሸጥኩም ስል፣ የማሳየው አንድ ወረቀት አልነበረኝም። አለቀስኩ፣ ከፈልኩ። አንቺ የየቀኑን ሽያጭና ወጪ ይዘሽ ሒሳብ አዋቂ ፈልጊ። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ላይ ይዘጋል። ንግድ ፈቃድሽን ታኅሣሥ 30 ሳያልፍ አሳድሺ። መጨረሻው ሳምንት ላይ ሄደሽ ሰልፍ ላይ እንዳትውዪ።

ብዪ ደግሞ። ለሰው ስትጋግሪ ውለሽ ጦምሽን እንዳታድሪ። ፊትሽ መክሳቱን ወንድምሽ በስልኩ አንስቶ አሳይቶኛል። አንጀቴ ነው የተላወሰው። ሁለቱን ልጆችም አብረሽ አብዪ። እሑድ አንዷ ትጋግርና አንቺ ተኚ።

ብቻ ሳትጽፊ አትተኚ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እደውልልሻለሁ። የሆቴሉን ዕዳ ከነቀኑ፣ ከነሳንቲሙ ታነቢልኛለሽ። በርበሬ ወንድምሽ ይዞልሽ ይመጣል። 5 ኪሎ ነው። ሲደርስሽ መዝኚና ጻፊው።

እናትሽ