ለተማሪዎቻችን አዳራሽ ጣሪያ የቀረበ አስቸኳይ የድጋፍ ጥሪ

በጮቄ ግርጌ የምትገኘው ከተማችን ነዋሪዎች፣ በባሕር ዳር፣ በደብረ ማርቆስ፣ በአዲስ አበባና በውጭ አገር የምትኖሩ የአካባቢያችን ተወላጆች፣ እንዲሁም ልጆቻችሁን ከገጠር ቀበሌዎች ወደ እኛ የላካችሁ ወላጆች፣ የከበረ ሰላምታችንን እናቀርባለን።

በሰኔ መጨረሻ በረዶ ቀላቅሎ የመጣው ዐውሎ ነፋስ፣ የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ተማሪዎቻችን ከትምህርት ሰዓት ውጭ የሚሰበሰቡበትን አዳራሽ ጣሪያ ከነወራጁ ነቅሎ ጥሎታል። ግድግዳው በባሕር ዛፍና በጭቃ የቆመ ስለሆነ ሸራ አልብሰነዋል፤ ነገር ግን ሸራው ነፋስ በመጣ ቁጥር ይገለጣል፣ ዝናቡም ምርጊቱን እያጠበ ማገሩን አውጥቶታል። ከአደጋው በኋላ የጀመርነው መዋጮ መጀመሪያ ተስፋ ሰጥቶን ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን ቆሟል። የብዙ ሰው ቤት በዚያው ነፋስ እንደተጎዳ፣ የማዳበሪያውና የቀለቡ ዋጋም እንደከበደ እናውቃለንና ማንንም አንወቅስም። ሆኖም ክረምቱ እስኪወጣ ከጠበቅን በመስከረም የምንከድነው ግድግዳ አይኖረንም።

አዳራሹ ተማሪዎቻችንን ከእኩዮቻቸው ጉልበተኝነት ለመጠበቅ እንደተሠራ አብዛኞቻችሁ ታስታውሳላችሁ። ተማሪዎቻችን በፈረቃ ስለሚማሩ የጠዋቱ ፈረቃ ወጥቶ የከሰዓቱ እስኪገባ ድረስ ያለው ሰዓት የማንም ዐይን የማያርፍበት ሰዓት ነበር። ከገጠር መጥተው ቤት ተከራይተው የሚማሩ ልጆች እሑድ ማታ የሚያመጡትን ስንቅ በጉልበት የሚቀሟቸው ነበሩ። የሸክላ ሠሪና የቀጥቃጭ ልጆች እዚህ ልንጽፈው በማንፈልገው ስም ይጠሩ ነበር። ልብሷን የወር አበባ የነካባት ልጅ ተሳልቀውባት ትምህርቷን ትታ የቀረችበት ጊዜም አለ፤ ሴት ልጅ በመንገድ ትንኮሳ ምክንያት ከትምህርት ስትቀር ደግሞ ቀጥሎ የሚመጣው የጋብቻ ጥያቄ እንደሆነ የጎጃም ወላጅ ሁሉ ያውቀዋል። ትምህርት ተቋርጦ ሲከፈት ዕድሜያቸው የገፋ ልጆች ከታናናሾቻቸው ጋር በአንድ ክፍል መቀመጣቸው ችግሩን አባብሶታል።

በዕድሮቻችሁና በሰንበቴዎቻችሁ መዋጮ፣ በደቦ በሰጣችሁን ጉልበት አዳራሹ ቆመ፤ በውስጡም የተሠራው ሥራ ቀላል አልነበረም። በፈረቃ መለዋወጫው ሰዓት ልጆቹ ተቀምጠው የሚያጠኑበት፣ የገጠሮቹም ስንቃቸውን ቆልፈው የሚያስቀምጡበት ቦታ አገኙ። ወላጆች በተራ በድልድዩና በገበያው መንገድ ላይ ይቆማሉ። ልጆቹ በደል ሲደርስባቸው ስማቸውን ሳይጽፉ የሚያስገቡበት የተቆለፈ ሣጥን አለ፤ ቁልፉም በአንዲት የታመኑ እናት እጅ ነው። እኚሁ እናት ሴቶች ልጆች በወር አበባቸው ጊዜ የሚያስፈልጋቸውን ያለ እፍረት የሚወስዱባትን ትንሽ ክፍል ይጠብቃሉ። እያንዳንዱ አዲስ የ7ኛ ክፍል ገቢ ደግሞ ለአንድ የ8ኛ ክፍል ተማሪ በአደራ ይሰጣል። ይህን ከሩቅ አላመጣነውም። ጎጃም የታወቁት የአብነት ትምህርት ቤቶች የዲማና የዋሸራ አገር ነው፤ በአብነት ትምህርት ቤቱ አስቀጻዩ፣ ማለትም በትምህርት የቀደመው ተማሪ፣ ታናሹን እያስቀጸለ አሳድጎታል፣ ሕዝቡም ከማያውቀው አገር የመጣውን የቆሎ ተማሪ አብልቶ አስተምሯል።

ያለፈው ገንዘብ የት እንደገባ ለሚጠይቁ ወገኖች መልስ መስጠት ግዴታችን ነው፤ መጠየቃቸውም መብታቸው ነው። ከሁሉ በላይ የተነሣው ቅሬታ «ለሽማግሌዎችና ለመምህራን ሥልጠና ለምን ገንዘብ ወጣ? ሽምግልና ለእኛ አዲስ ነው ወይ?» የሚል ነው። ሽምግልናችን እኩል ጉልበት ያላቸው ሰዎች ሲጣሉ ያስታርቃል። ጉልበተኝነት ግን ጠብ አይደለም። በኖርዌይ ይህን ጉዳይ ለረጅም ዘመን ያጠኑት ዳን ኦልዌየስ እንዳስቀመጡት፣ ድርጊቱ ሆን ተብሎ የሚፈጸም፣ የሚደጋገምና ተበዳዩ ራሱን ሊከላከል በማይችልበት የኃይል ልዩነት ላይ የቆመ ነው። በዳይና ተበዳይን ፊት ለፊት አቁሞ «ይቅር ተባባሉ» ማለት፣ የፈራውን ልጅ በሽማግሌ ፊት ዳግም ማስፈራት ይሆናል። ሽማግሌዎቻችን አሁን ሁለቱን ለየብቻ ያነጋግራሉ፤ በዳዩን ከወላጆቹ ጋር ጠርተው የቀማውን እንዲመልስ ያደርጋሉ፣ ከዚያም ይከታተሉታል። በዳዩ ይገረፍ የሚሉ ወላጆች ነበሩ፤ የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 36 ልጆችን በትምህርት ቤት ከሚደርስ የአካል ቅጣት እንደሚጠብቅ፣ ተገርፎ የሄደ ልጅም ቂሙን በሌላ ታናሽ ላይ እንደሚወጣ በሥልጠናው ተነጋግረንበታል። ጣሪያውን ነፋስ ቢወስደውም ይህ ዕውቀት ከሰዎቻችን ጋር አለ፤ ስለዚህ ያ ገንዘብ ባክኗል የሚለውን አንቀበልም።

ለግድግዳው የወጣው ገንዘብም እንዲሁ አልባከነም። አንድ ባለሙያ አይቶት ምሰሶዎቹ ጤነኛ መሆናቸውንና አሁን ከተከደነ በምርጊት ብቻ እንደሚድን ነግሮናል።

በኖርዌይ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1982 መጨረሻ ሦስት ታዳጊዎች ራሳቸውን ካጠፉ በኋላ አገሪቱ በ1983 ዘመቻ ጀምራ ነበር፤ በቤርገን ከተማ መምህራን፣ ወላጆችና ተማሪዎች በአንድነት በሠሩባቸው ትምህርት ቤቶችም ጉልበተኝነቱ በግማሽ ያህል ቀንሷል። ዩኔስኮ በ2019 ባወጣው ጥናት ደግሞ በዓለም ከ3 ተማሪዎች 1 የሚጠጋው በአንድ ወር ውስጥ በእኩዮቹ እንዲህ ያለ በደል ደርሶበታል። እኛ ደግሞ ሦስት ልጆች እስኪሞቱብን መጠበቅ የለብንም።

አሁን የምንለምነው ቆርቆሮ፣ ወራጅና ማገር የሚሆን እንጨት፣ የቆርቆሮ ሚስማር፣ ወራጁን ከምሰሶው ጋር አጥብቆ የሚያስር ብረትና የአናጺ ዋጋ ነው። ብር የሌለው እንጨት ይስጠን፤ እንጨት የሌለው በደቦው ቀን በጉልበቱ ይምጣ። አንድ ቆርቆሮ ከአንድ ቤተሰብ ብትመጣ እንኳ ለእኛ ትልቅ ነገር ናት። ለክርስቲያኑ ምጽዋት፣ ለሙስሊሙ ሰደቃ ታላቅ በጎ ሥራ ነው፤ ተበዳይን ልጅ ማስጠለል ደግሞ በሁለቱም ዘንድ ቀዳሚ ቦታ አለው።

ገንዘቡ የሚገባው በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በኮሚቴው ስም በተከፈተው ሒሳብ ብቻ ነው፤ ሒሳቡም ያለ 3 ሰዎች ፊርማ አይንቀሳቀስም። የሒሳብ ቁጥሩ ማኅተም ባረፈበት ወረቀት ላይ በትምህርት ቤቱ በር፣ በዕድሮቹ ቤትና በባንኩ ቅርንጫፍ ተለጥፏል። በሩቅ ያላችሁ ወገኖች ዘመዶቻችሁ ወረቀቱን ፎቶ አንሥተው እንዲልኩላችሁ አድርጉ። በቴሌግራም ከማይታወቅ ሰው የሚመጣን ቁጥር አትመኑ፤ በግለሰብ የቴሌብር ቁጥር ገንዘብ አንቀበልም። በእጅ የምትሰጡ ከዕድር ዳኞቻችሁ ዘንድ ቁጥር ያለው ደረሰኝ ሳይቆረጥላችሁ ብር አታስረክቡ። ደግመን እናሳስባለን፦ በኮሚቴው ስም የተከፈተ የባንክ ሒሳብ፣ ማኅተም ያለበት ወረቀት፣ ቁጥር ያለው ደረሰኝ።

ቆርቆሮው ፍልሰታ ስትፈታ፣ ነሐሴ 16 ቀን፣ ከደብረ ማርቆስ እንዲጫን አስበናል፤ ስለዚህ የምትችሉትን ከዚያ ቀን በፊት እንድታደርሱን በአክብሮት እንለምናለን። የገቢውና የወጪው ዝርዝር ከጣሪያው ሥራ በኋላ በሚጠራው የወላጆች ስብሰባ ላይ ከነደረሰኙ ይነበባል።

የአዳራሹ አሠሪ ኮሚቴ